ወንድሜ ጫቱንም አረቄውንም በአንድ ቀን ሊያቆም ነው፤ የትኛው ነው የሚያስፈራው?

የሙጋዷ (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ስላለ ይቅርታ። ታላቅ ወንድሜ አይሱዙ ነው የሚነዳው፣ ደሴ ኮምቦልቻ ባቲ ሲል ነው የሚውለው። ከሰዓት ይቅማል፣ ማታ ደግሞ ጨብሲ፣ ያው አረቄ። ዓመታት ሆኖታል። ቤት ውስጥ "ጫት ጨረሰው" ነው የሚባለው እንጂ አረቄውን ማንም አንስቶት አያውቅም፣ ምርቃናዬን ልስበር ብዬ ነው ስለሚል።

ሰሞኑን ባለቤቱ ልጆቹን ይዛ እናቷ ቤት ገባች። በጣም ነው የደነገጠው። "ከሰኞ ጀምሮ ሁለቱንም እርግፍ አድርጌ እተዋለሁ" ብሎ ማለ። እናታችን ለግሸን ስለት ተስላለች። ጓደኞቹ ደግሞ "ጫት የአካል ሱስ የለውም፣ የጭንቅላት ነው፣ ወንድ ከሆንክ በእልህ ትተወዋለህ" እያሉ ያሟሙቁታል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የአካል ሱስና የአእምሮ ሱስ የሚባለው ልዩነቱ ምንድን ነው? የአእምሮ ከሆነ ቀላል ነው ማለት ነው? ይሄን ያህል ዓመት የለመደ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቆም ምን ይሆናል? ለነገሩ ጤነኛ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ እጁ ይንቀጠቀጣል። ብርድ ነው ይላል፣ ደሴ ስለሆነ እኛም ብርድ ነው ብለናል።

ጦሳ ስር

አይዞሽ እህቴ። ጫት ስትተይው ሁለት ሦስት ቀን እንቅልፍ ይጥልሻል፣ ሌሊት ዱካክ ይጫወትብሻል፣ ገደል ትወድቂያለሽ፣ ሰው ደረትሽ ላይ ይቀመጣል፣ አለቀ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምቅመው፣ ሥራ ሲበዛ ሳምንት አልፌ አውቃለሁ። ሱስ የሚባለው ሄሮይን ነው፣ በየፊልሙ የምናየው። ጫት ባህል ነው፣ ወሎ ውስጥ ዱአ ሲደረግ አብሮ የሚቀርብ ነገር ነው። ወንድምሽን አታስጨንቂው።

ተስፋ ነው

ሁሉም ፈተና ነው። ይጸልይ።

ሲስተር ለ

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ፣ እዚሁ ደሴ ነው የምሠራው። ጫቱን ለጊዜው ተዪውና እጁ ላይ ልቁም። የሚንቀጠቀጠው ከእንቅልፉ እንደተነሳ ነው? ሲጠጣ ይተወዋል? ጠዋት ያልበዋል፣ ያቅለሸልሸዋል? ኮምቦልቻ ወርዶ ሙቀት ውስጥ ሲያድርስ ይንቀጠቀጣል?

የሙጋዷ

ሲስተር አሁን አስደነገጥሽኝ። ኮምቦልቻ ሲያድርም ይንቀጠቀጣል፣ ረዳቱን ጠየቅሁት። ጠዋት ቁርስ አይበላም፣ ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው። ረዳቱ እንዳለኝ ከመነሳታቸው በፊት አንድ ሁለት መለኪያ ይላል፣ ከዚያ እጁ ይረጋል፣ መሪ ይይዛል። ይሄን ዛሬ ነው የሰማሁት።

የሰኞ ገበያ ልጅ

እናቴ አረቄ ትሸጥ ነበር፣ በዚያ ነው ያደግነው። ጠዋት 12 ሰዓት በሩን የሚያንኳኩ ደንበኞች ነበሯት። ለእነሱ የመጀመሪያውን መለኪያ እስከ ግማሽ ብቻ ነው የምትቀዳላቸው፣ ሞልታ ከሰጠች ይደፉታል። በሁለት እጃቸው ይዘው አንገታቸውን ወደ መለኪያው ይሰዳሉ እንጂ መለኪያው ወደ አፋቸው አይመጣም። ሁለተኛው ላይ እጃቸው ይረጋል፣ ያኔ ሞልታ ትቀዳለች። ሐኪም አልነበረችም ግን ማን ምን ደረጃ ላይ እንዳለ ከእጁ ታውቅ ነበር። ወንድምሽ እዚያ ደረጃ ላይ ነው ያለው።

ሲስተር ለ

ልክ ነው፣ ከዚህ የተሻለ ምርመራ የለም።

እንግዲህ የሙጋዷ ስሚኝ፣ ሰኞ በድንገት እንዳያቆም። እያልኩሽ ያለሁት ጫቱን አይደለም፣ አረቄውን ነው። ጫት በአንድ ቀን ቢቆም ያደክማል፣ ያስከፋል፣ ያስተኛል፣ በራሱ ግን አይገድልም። በየቀኑ የሚጠጣና ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ግን መጠጥ በአንዴ ካቆመ ሊሞት ይችላል። ሄሮይን እንኳ ሲቆም ያሰቃያል፣ ያስመልሳል፣ አጥንት ይሰብራል እንጂ በአብዛኛው ሕይወት አያጠፋም። ሲቋረጡ ሰው የሚገድሉት አልኮልና እንደ ዲያዚፓም ያሉ ማረጋጊያዎች ናቸው። ሰው ይሄን ስነግረው አያምነኝም፣ አረቄ የሰፈር ነገር ስለሆነ።

ለምን እንደሆነ በሹፌር ቋንቋ ልንገርሽ፣ ለእሱም እንዲገባው። አልኮል አንጎል ላይ ፍሬን ነው። ፍሬኑ ለዓመታት ሳይለቀቅ ሲቀር አንጎል ሥራውን ለመሥራት ነዳጁን አብዝቶ ይረግጣል። ድንገት ፍሬኑን ስትለቂው ነዳጁ እንደተረገጠ ነው፣ መኪናው ይወረወራል። መንቀጥቀጡና ላቡ የሚጀምረው ከመጨረሻው መለኪያ ከ6 ሰዓት በኋላ ነው። የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ የሚመጣው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል፣ ቦታና ሰው ይለዋወጥበታል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ልቡ ይሮጣል። ዴሊሪየም ትሬመንስ እንለዋለን። ሳይታከም የቀረ ሰው ሊሞትበት ይችላል።

የአካል ሱስ ማለት ይሄ ነው። አካል ከነገሩ ጋር ተስተካክሎ መኖር ጀምሯል፣ ስትነሺው ይናወጣል።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ይሄን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። አጎቴ ሁዳዴ ሲገባ "ዘንድሮስ ጾሙን ንጹሕ ሆኜ ነው የምይዘው" ብሎ መጠጥ አቆመ። እሑድ ቅበላ ጠጣ፣ ሰኞ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ማክሰኞ አልተኛም። ረቡዕ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይሄዳል ብሎ በመዳፉ ይጠርግ ጀመር። ጋቢውን እያራገፈ "ውሰዱልኝ" ይላል። የሞተ ጓደኛውን ስሙን እየጠራ ያናግረዋል። ዘመድ ተሰብስቦ "ጾም ሲጀምር የተገለጠበት ክፉ መንፈስ ነው" ተባለ፣ ጠበል ይዘነው ሄድን። እዚያ ያገኘናቸው አባት ግንባሩን ዳሰሱት፣ "ትኩሳት አለው፣ መጠጥ መቼ ነው ያቆመው?" አሉ፣ እንዲህ ያለ ስንቱን አይተዋል መሰለኝ። "አሁኑኑ ሐኪም ቤት፣ ጠበሉ የትም አይሄድም" ብለው አባረሩን። ተረፈ።

ግን ታሪኩ እዚያ አላለቀም። ከሆስፒታል ሲወጣ መንቀጥቀጥ የለ፣ ላብ የለ፣ ፊቱ ሁሉ ተመልሶ ነበር። ለወራት ጠላ እንኳ አልቀመሰም። ከዚያ የጓደኛው ልጅ ሠርግ ላይ አንድ ብርጭቆ አስያዙት። አሁን እንደ ድሮው ነው። ንገሩኝ እስቲ፣ አካሉ ጸድቶ ካለቀ ከስንት ጊዜ በኋላ ማነው የመለሰው?

ጦሳ ስር

ሲስተር፣ እንግዲያው እኔ ያልኩት ልክ ነው። ጫት አይገድልም፣ የአካል ሱስ የለውም። ጨዋታው የአእምሮ ብቻ ነው።

ሲስተር ለ

አይ፣ እሱ ላይ አልስማማም። "የአእምሮ ብቻ" የሚለው አነጋገር ያናድደኛል። አንጎል የት ነው ያለው፣ ከአካል ውጭ ነው?

ጫት ውስጥ ያለው ዋናው ነገር ካቲኖን ይባላል፣ የዚያ አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው የደስታና የመነቃቃት ኬሚካል እንዲፈስ ያደርጋል። ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ይጠፋል፣ ለዚህ ነው ጫት በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ እየተሯሯጠ የሚመጣው፣ የትናንት ጫት ማንም የማይፈልገው። ስታቆመው እንቅልፉ፣ ድባቴው፣ ንዴቱ፣ ያ አንተ የምትለው ዱካክ ሁሉ ምልክት ነው። አካልም አለበት። መድኃኒት ሳይወስድ ያልፋል ማለት የለም ማለት አይደለም። ኮኬይንም እንደዚያው ነው። ሲቆም አያስመልስም፣ አያንዘፈዝፍም፣ ግን ሰው ቤቱን ሸጦ ይጨርስበታል።

እኔ ክፍፍሉን የምጠቀምበት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ይሄ ሰው ዛሬ በድንገት ቢያቆም አደጋ አለው ወይስ የለውም የሚለውን ለማወቅ። ሱሱ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ፣ ተመልሶ ይገባበታል ወይ የሚለውን በመንቀጥቀጥ መለካት አይቻልም። የቦርከና ማዶ አጎት የአካሉን ክፍል በሳምንት ጨርሶታል። የቀረው ሌላው ነው።

ፋርማሲስቱ

ሲስተር ያለችውን ከሌላ በኩል ልጨምርበት። የአካል ጥገኝነት ያለው ሁሉ ሱሰኛ አይደለም። ፕሮፕራኖሎል ለዓመታት የወሰደ የልብ በሽተኛ በድንገት ካቆመ ልቡ ሊረበሽ ይችላል። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የዋጠ ሰውም ቀስ እያለ ነው የሚያወርደው። ግን ለፕሬድኒሶሎን ብሎ የእናቱን ወርቅ የሰረቀ ሰው አይቼ አላውቅም። ለካንሰር ሕመም ሞርፊን የሚወስድ ሰውም አካሉ ይለምዳል፣ መጠኑም ከፍ ሊል ይችላል፣ ሱሰኛ ተብሎ ግን አይፈረጅም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት መመሪያ ሱስን የሚለዩበት 11 መለኪያ አለ፣ መላመድና ሲቆም መታመም ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ እነሱም በሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አይቆጠሩበትም። የቀሩት መቆጣጠር ማጣት፣ አምሮት፣ ጉዳቱን እያዩ መቀጠል፣ ሥራና ቤት መበላሸት ናቸው። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ መውጣቷ እዚያ ውስጥ ይቆጠራል።

ይሄን የምለው ሰው ፈርቶ የሕመም ማስታገሻ እንዳይተው ነው። ቤተሰብ "ሱስ ያስይዘዋል" ብሎ ሞርፊን አስጥሎ ሰውዬው ሲጮህ ያደረበትን ቤት አውቃለሁ።

ኤልሳ ኮምቦልቻ

ታዲያ ዲያዚፓም ገዝታ ብትሰጠውስ ቤት ውስጥ? ሐኪም ቤትም የሚሰጡት እሱን ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

ፋርማሲስቱ

በፍጹም። መድኃኒቱ ልክ ነው፣ አሰጣጡ ነው ጉዳዩ። ላዩ ላይ አረቄ ከጠጣበት ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ካነሰ አይጠቅመውም፣ ያንዘፈዝፈዋል። ከረዘመበት ደግሞ ራሱ ዲያዚፓሙ ሌላ ሱስ ነው፣ እሱም ሲቆም እንደ አልኮሉ አደገኛ ነው። ያለ ማዘዣ የሚሸጥልሽ ካለ ሂሳብሽን ተቀብለሽ ውጪ።

ሸዋበር

እኔ የምለው ቀላል ነገር ነው። ረመዳን የመጀመሪያዎቹ ቀናት እናቶቻችን ራሳቸውን አስረው ሲውሉ አላየንም? ጾሙ ሳይሆን ቡናው ነው። አቦል ቶና በረካ ለምዶ በአንድ ቀን የጠዋቱን ሲያጣ ራስ ይፈነዳል። ከመጨረሻው ስኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ ሳምንት ሊቆይ ይችላል። የለየለት የአካል ነገር ነው። እናቴን ግን ሱሰኛ ብትሏት በዘነዘና ነው የምታባርራችሁ። አሁን ሻዕባን ሲጋመስ አንድ አንድ ስኒ እየቀነሰች ትገባለች፣ ራሷን አያማትም።

ሲጋራ ላይ ደግሞ የሚገርመኝ አባቴ ነው። ረመዳን ቀን ሙሉ ሳያጨስ ይውላል፣ ትዝ አይለውም። መግሪብ ሊደርስ አስር ደቂቃ ሲቀረው ነው ክብሪት የሚፈልገው። ኒኮቲኑ ከደሙ የወጣው ቀን ላይ ነው፣ ታዲያ ለምን ያኔ አላማረውም?

ካምፓስ (ወሎ ዩኒቨርሲቲ)

ሸዋበር፣ የአባትህን ነገር የእስራኤል ተመራማሪዎች በአየር መንገድ አስተናጋጆች ላይ አይተውታል። ሲጋራ የሚያጨሱ አስተናጋጆችን በአጭር በረራም በረጅም በረራም ጠየቋቸው። አምሮቱ የሚጨምረው ካጨሱ ብዙ ሰዓት ስላለፈ ሳይሆን ማረፊያው ስለደረሰ ነው። በአጭሩ በረራ መጨረሻ ላይ ያለው አምሮት በረጅሙ በረራ መሃል ካለው ይበልጣል። እንደሚያገኙት ሲያውቁ ነው የሚያምራቸው።

ሌላም አለ። ቬትናም ከነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ጥቂት የማይባሉት ሄሮይን ይወስዱ ነበር። ሊ ሮቢንስ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ አገራቸው የተመለሱትን ተከታትላ አጠናች። ከአምስቱ አንዱ ገደማ እዚያ እያለ ሱስ ይዞት ነበር። ከእነዚህ ውስጥ በተመለሱ በመጀመሪያው ዓመት እንደገና ሱስ ውስጥ የገባው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አካላቸው ለምዶ ነበር፣ ግን ጫካው፣ ጦርነቱ፣ አብሮ የሚወስደው ጓደኛ፣ ሻጩ፣ ሁሉም እዚያ ቀረ።

ወንድምሽ ግን ቬትናም አይደለም ያለው። በየቀኑ ያንኑ መንገድ ነው የሚመላለሰው። ጫቱን የሚገዛበት ቦታ ላይ መኪናው ራሱ የሚቆም ነው የሚመስለኝ። 8 ሰዓት ሲሆን ሃራራው ይመጣል፣ ፍራሹ አለ፣ ለውዙ አለ፣ ጓደኞቹ አሉ። ያንን ሳይነኩ "በእልህ ተወው" ማለት ቀልድ ነው።

ጦሳ ስር

ጫት ቤት ያለው ወሬ ብቻ ቢሆንስ? እኔ አንዳንዴ ቅጠሉን ሳይሆን ሰዎቹን ነው የምፈልገው። እቤት ብቻዬን ስቅም አይመረቅነኝም።

ካምፓስ

እሱን ነው የምልህ።

የሙጋዷ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ነገርኩት። ስለ ጫቱ ስናወራ እሺ ይላል፣ ይስቃል። አረቄውን ሳነሳ ተነስቶ ቆመ። "እኔን ሰካራም አደረግሽኝ? መንገድ ላይ ወድቄ አይተሽኛል?" አለ። እውነቱን ነው፣ ወድቆ አያውቅም፣ ሲንገዳገድም አላየሁትም። ቃሚ ቢሉት ግድ የለውም፣ ጠጪ መባል ነው ያቃተው። በመጨረሻ የሚስቱን ስም ሳነሳ ተቀመጠ። እሺ ብሏል። ሲስተር፣ የት እንሂድ፣ ምን እንበል? ጫቱንስ ይቀጥል?

ሲስተር ለ

አለመንገዳገዱ ጥሩ ምልክት አይደለም፣ የለመደ አካል ነው የማይንገዳገደው። ለእሱ ይሄን በይው።

የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለበት ሆስፒታል ውሰጂው፣ ቅርብ ጤና ጣቢያ ከጀመራችሁም ይልኳችኋል። እስከዚያ ድረስ አይጨምር፣ በአንዴም አይቁረጥ። ስትሄዱ ልኩን ይናገር። በቀን ስንት መለኪያ፣ የመጀመሪያው ስንት ሰዓት ላይ፣ ከዚህ በፊት አቁሞ አንዘፍዝፎት ያውቃል ወይ፣ ሌላ የሚውጠው ኪኒን አለ ወይ። ሰው አፍሮ ግማሹን ይናገራል፣ መድኃኒቱም በግማሽ ልክ ይታዘዝለታል፣ ችግር የሚፈጠረው ያኔ ነው። ቀድሞ አንዘፍዝፎት የሚያውቅ ከሆነ ተኝቶ ይታከም፣ ቤት ይሁንልኝ ብሎ አይከራከር። ደግሞ ዘመድ ሁሉ እየመጣ "ግሉኮስ ይሰካለት" ብሎ እንዳይጨቀጭቅ። መጀመሪያ ታያሚን ነው የሚሰጠው፣ ቢ ዋን የምትሉት ቫይታሚን፣ ጠጪ ሰው እሱ ስለሚያልቅበት አንጎሉ እንዳይጎዳ።

መኪናውን ያቁም። ይሄ አይደራደርበትም። አሁን በሁለት መለኪያ ነው የሚነዳው፣ ሕክምና ሲጀምር ደግሞ በሚያስተኛ መድኃኒት ነው የሚሆነው፣ በዚያ ቁልቁለት ላይ ሁለቱም አይሆንም። የሚያንዘፈዝፈው መሪ ይዞ ቢሆንስ?

ጫቱን በተመለከተ የእኔ አስተያየት አብሮ ይቁም ነው። ከሰዓት እስከመሸ መርቅኖ ሌሊት ዓይኑ ፈጦ ይቀራል፣ ያኔ የሚያውቀው ማስተኛ አንድ ነው። ጫቱ እያለ አረቄውን ማቆም ከባድ ነው። ባልደረቦቼ ሁሉ በዚህ አይስማሙም፣ አንድ በአንድ ይሁን የሚሉ አሉ። ከእሱ ሐኪም ጋር ተነጋገሩበት። አረቄው ግን በምንም መንገድ ያለ ክትትል አይቁም።

ከሳምንት በኋላ ደህና ሲሆን "ዳነ" ብላችሁ እንዳትለቁት። ቀጠሮውን ይከታተል። የጭነት መስመሩን መቀየር ከቻለ ይቀይር፣ ከሰዓት 8 ሰዓትን የሚያሳልፍበት ሌላ ሥራ ፈልጉለት። ሚስቱን ማነጋገር የምትችዪ ከሆነም ቶሎ አነጋግሪያት።

ቦርከና ማዶ

አጎቴን ሰኞ ይዤው ልምጣ? ያው ተመልሶ ገብቶበታል፣ አንዴ ታክሞ ሲመለስ ይቀበሉታል ወይ ብዬ ነው።

ሲስተር ለ

ይቀበሉታል። ተመልሶ መግባት የተለመደ ነው። ግን ያኔ የተቃዠበት ሰው ስለሆነ ቤት ውስጥ ምንም እንዳትሞክሩ፣ በሚቀጥለው ሊብስበት ይችላል። ያኔ የሆነውን በዝርዝር ተናገሩ።

ጦሳ ስር

ሲስተር አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እዚሁ በግልጽ። እኔ ጠዋት እጄ አይንቀጠቀጥም። ግን ጨብሲ ያልመታሁበት ሌሊት ዱካኩ ይበረታብኛል። ላቡ አንሶላውን ያርሰዋል፣ ልቤ ይደልቃል። ስጠጣ ይተወኛል። ጫት የተውኩባት ያቺ ሳምንት ማታ ማታ እጠጣ ነበር፣ ያኔ ላቡ አልነበረም።

ሲስተር ለ

ወንድሜ፣ ጫት ትተህ እየጠጣህ ላቡ ከሌለ፣ ጫት እየቃምክ ሳትጠጣ ላቡ ከመጣ፣ የየትኛው እንደሆነ ራስህ መልሰኸዋል። ማታ ስንት መለኪያ ነው? በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ዛሬም ለመሞከር ብለህ አታቁም።

ጦሳ ስር

ጻፍኩልሽ።